ከቃል በፊት የነበረ ዜማ

እናቴን ስትሮክ መትቷት አንደበቷ ከተዘጋ በኋላ፣ ቤት ብቻዋን እንዳትውል ዱባይ ተራ ወዳለው የቴሌቪዥን ሱቃችን ይዣት እሄድ ነበር። አንድ ቀን ለገዢ በከፈትኩት ቴሌቪዥን ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ታዩ። ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ጠጉር እየፈተሸ፣ ድምፃቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያጉተመትማሉ። ተራኪው፣ የሰው ልጅ ቅድመ አያቶችም ቃል ከማወቃቸው በፊት እንዲህ በዜማ ሳይግባቡ አልቀሩም አለ።

ገዢው ሳቀ። እናቴ ግን ወሎ ሳለች የምታውቃቸው ናቸውና ዓይኗን ሳትነቅል አየቻቸው። ቆይታ ደግሞ ጤነኛ ሳለች የምታንጎራጉረውን መንዙማ አፏን ሳትከፍት ጀመረች። አብሬያት ማዜም ስጀምር ቃላቱ አንድ በአንድ ከአፏ ወጡ። ማመን አቃተኝ።

ዜማው ሲያልቅ፣ "እማዬ፣ እስቲ ስሜን ጥሪኝ" አልኳት።

ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ምንም አልወጣም። እጄን ያዘችና መንዙማውን እንደገና ጀመረች።

ከዚያ በኋላ እንድትናገር አላስቸገርኳትም። እስክትሞት ድረስ ጠዋት ጠዋት እሷ እየመራች እኔ እየተቀበልኩ አብረን አዜምን። አሁን አንዳንዴ ብቻዬን እጀምረውና መሃል ላይ ዝም እላለሁ። ድምፅዋ በጣም ይናፍቀኛል።