በነነዌ ጾም የታየ ቴኒስ

በዚህ ጥር ከማስተምርበት ከኩልመስክ ለጥምቀት መጥቼ ላሊበላ እኅቴ ስንዱ ቤት ሰነበትሁ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ልጇ ሞገስ ስልኩን ከውኃ ጆጉ ጋር አስደግፎ አንድ ነገር ያያል። እኔ ጓዳ ነበርሁ። ቷ... ቷ... የምትል የኳስ ድምፅ ስትመጣ ሳላየው ምን እንደሆነ አወቅሁ። የአውስትራሊያው ትልቁ የቴኒስ ውድድር ነው።

«አጎቴ፣ ኑ እዩት እንጂ! አምስተኛው ዙር ገብተዋል» አለኝ።

መቀመጥ አቃተኝ። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁና ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርሁት። ሞገስ አጎቱ ቴኒስ የማይወድ መስሎታል። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ምን ያውቃል!

እሱ ሲወለድ እኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ከከተማው በላይ፣ ጋራው ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነበርሁ። አባቴም አያቴም የዚያው ደብር ካህናት ስለነበሩ እኔም ሌላ ነገር እሆናለሁ ብሎ ያሰበ ሰው የለም። ችግሩ እኔ አንድ ቦታ መርጋት የማልችል ፍጥረት መሆኔ ነው። ማኅሌት ቆሜ እንኳ እግሬ ያሳክከኛል። ትንሽ ፋታ ባገኘሁ ቁጥር ቁልቁለቱን እንደ ፍየል ወርጄ ጓደኛዬ ደሳለኝ የሚያስተናግድበት ሆቴል እገባለሁ። እዚያ ዲሽ ነበረ። ቴኒስን ያየሁት እዚያ ነው፤ ካየሁት በኋላም ሌላው ጨዋታ ሁሉ ጨው የሌለው ወጥ ሆነብኝ።

ለምን እንደወደድሁት ዛሬም በቅጡ አላውቅም። ውዳሴ ማርያም ለማጥናት ዓመት የፈጀብኝ ሰው አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ የሚለውን ቆጠራ በአንድ ቀን ያዝሁት። ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን ውጦ ሲቀመጥ ደስ ይለኛል። ሁለቱ ተጫዋቾች ደግሞ እንደኔው መቆም የማይችሉ ናቸው፤ ኳሷ ሳትመጣ ጀምረው ይቁነጠነጣሉ። ከሁሉ የባሰው ግን ይህ ጨዋታ እንደ እግር ኳስ ዘጠና ደቂቃ ሞላ ተብሎ ፊሽካ የሚነፋበት አይደለም። የሚያልቀው ሲያልቅ ነው። እኔን ያጠፋኝም ይኸው ነው።

ስንዱ ከኔ በፊት የተወለደች ብቸኛ እኅቴ ናት። የመጀመሪያ ልጇ አርባ ቀን ሳይሞላው፣ ክርስትና ሳይነሣ ሞቶባታል። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ቆይታ ሞገስን ወለደች። አርባ ቀኑ የዋለው በነነዌ ጾም ሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ሴትዮዋ እንቅልፍ የሚባል አላየችም፤ ሌሊት እየተነሣች ልጁ መተንፈሱን በእጇ ትዳስስ ነበር።

ለቅዳሴ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። ከደብራችን አራት ዲያቆናት አንዱ ዘመድ ሞቶበት ሙጃ ከተማ ለቅሶ ሄዶ ነበር። በዋዜማው የደብሩ አለቃ መምሬ ካሣ ጠሩኝ።

«ይርጋ፣ ነገ አምስት ነን። ስድስተኛ የለንም። አንዳችሁ ብትጎድሉ ቅዳሴው ይታጎላል፤ ያ ሕፃንም ሳይቆርብ ይመለሳል።»

«አለሁ አባቴ» አልሁ።

የነነዌ ቅዳሴ የሚገባው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጨዋታው አምስት ሰዓት ተኩል ይጀመራል። ከሆቴሉ እስከ ጋራው የአርባ ደቂቃ ዳገት ነው፤ ሰባት ሰዓት ላይ ብነሣ ገና ተርፎኝ ለብሼ እቆማለሁ ብዬ አሰላሁ። የቅዳሴ ተረኛ የሆነ ሰሞነኛ ከቅጥሩ መውጣት እንደሌለበት አጥቼው አይደለም። ጠዋት ሁሉም ለክርስትናው ሽር ጉድ ሲል እኔ በጓሮ በኩል ወረድሁ።

ጥር ስለነበር እህሉ ተወቅቶ ነፋሱ ገለባውን መንገድ ላይ ያንከባልለዋል። ሆቴሉ ገና የጥምቀት እንግዳ ነበረበት። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅና ሚስቱ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠዋል፤ እኔም ከጎናቸው ወንበር ስቤ ገባሁ። የኔ ሰው አጭሩ ተጫዋች ነበር። ሦስት ዙር የቀደመ በሚያሸንፍበት ጨዋታ ሁለት ዙር ተመራ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ተነሥቼ በሩ ጋ ደረስሁ፤ ሦስተኛውን እያሸነፈ ነበር። ይችን ብቻ አልሁ። ተመልሼ ተቀመጥሁ። ሦስተኛውን ወሰደ። አራተኛው ጀመረ። ይችን ብቻ። እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔ ሰዓቱን ያያል፣ ገላዬ ግን ከወንበሩ አልነሣም አለ።

አንድ ትልቅ ነጥብ ላይ ኳሷ መረቡን ነክታ አየር ላይ ቀረች። ያኔ ጥርሴ ሥር አንድ ነገር ሲሰበር ሰማሁ።

ሽምብራ ነበር። ለፈረንጆቹ የቀረበው ቆሎ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እጄ ከመቼ ወዲህ ወደዚያ ይመላለስ እንደነበር እግዜር ይወቅ። የተረፈውን ተፋሁት። የዋጥሁት ግን ስንት ነው? አንድ? አንድ እፍኝ? የቀመሰ ዲያቆን መቅደስ አይገባም። ይህን ደግሞ እኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል። ደሳለኝ «ምነው?» ሲለኝ ወጥቼ ሮጥሁ። ያን ጨዋታ ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም።

ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። የማስታውሰው የሕፃኑን ለቅሶ ነው፤ ገና ከቅጥሩ ሳልደርስ ይሰማኝ ነበር። የሚቆርብ ሕፃን ጡት አይሰጠውም። ከጠዋት ጀምሮ አልጠባም። ስንዱ ደጀ ሰላሙ ላይ አቅፋው ትዞራለች፤ ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል።

«የት ነበርህሳ፣ ወንድምዬ?» አለችኝ። አልተቆጣችም። ቢሆንልኝ በጥፊ ብታጮለኝ እመርጥ ነበር።

መምሬ ካሣ ልብሰ ተክህኗቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። ላቤን አዩ።

«እንዲህ ሮጠህ፣ ውኃ አልቀመስህም አይደል?»

«ውኃስ አልቀመስሁም፣ አባቴ።»

እውነት ነበር። ውኃ አልቀመስሁም። ቀሚሱን አጠለቅሁና ገባሁ።

በዚያ ቅዳሴ ያልሁትን ሁሉ አፌ ነው ያለው። ሦስት ቀን የጾመ ሕዝብ ከፊቴ ቆሟል፤ «ጸልዩ» እያልሁ የማዘው እኔ ነኝ። መጨረሻ ላይ ስንዱ ክርስትና የተነሣ ልጇን ይዛ ቀረበች። ደሙን በዕርፈ መስቀሉ ማንኪያ ያቀበልሁት እኔ ነኝ። ልጁ ላሰና ዝም አለ። ስንዱም ቀና ብላ አየችኝ፤ እንደዚያ ያለ ደስታ በሰው ፊት ላይ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ማታ ድግሱ ላይ ስልጆውንና ጠላውን እየደጋገመች ስታቀርብልኝ ከጎኔ ላለ ሰው አሳልፌ ሰጠሁ።

በዓመቱ ድቁናውን ተውሁ። ሰው ፈረንጅ አማለለው አለ፤ እኔም ይበሉ ብዬ ተውኋቸው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ የሰጡኝንም ስግደትና ጾም ፈጽሜያለሁ። የልጁ ቁርባን ቁርባን ነው፣ ኃጢአቱ ያንተ ነው ብለውኛል። በዚህ ልቤ ማረፍ ነበረበት። አላረፈም።

ምክንያቱም ስንዱ አለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሞገስን ታሳይና ወደኔ ትዞራለች፤ «ያን ቀን ይኸ ወንድሜ በሩጫ ባይደርስልኝ ልጄ ሳይቆርብ ይቀርብኝ ነበር» ትላለች። በዚህ ጥምቀትም አለችው። ሰው ሁሉ መረቀኝ፤ እኔም አሜን አልሁ።

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ልነግራት አፌን ከፍቼ ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ አውርቻለሁ። በጽሑፍ ሳይቀለኝ አይቀርም ብዬ ይህን ጻፍሁ። ስንዱ ግን ፊደል አልቆጠረችም። ደብዳቤ ሲመጣላት የሚያነብላት ልጇ ነው። ይህንንም ጮክ ብሎ የሚያነብላት እሱ ነው።