ሹፌሩ፣ ኮምፒውተሩና ሰማያዊው ክር

ተሳፋሪዎቹ "ለስላሳው" ይሉት ነበር። አገር አቋራጭ አውቶቡስ በሚነዳበት ዘመን ፍሬን ሲይዝ የተኛ ሰው አይነቃም፤ እናት ጭን ላይ ያለ ሕፃን ንቅንቅ አይልም። "ደረስን እንዴ?" ብለው የሚጠይቁት አውቶቡሱ ቆሞ በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው። እሱም በመስታወቱ አይቷቸው ፈገግ ይላል።

አንድ ጠዋት ግን ግራ እግሩ አልታዘዝ አለው። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። እጁ ተረፈ፣ እግሩ ከከዘራ ጋር ተወዳጀ፣ መንጃ ፈቃዱ መሳቢያ ገባ። ቤት መዋሉ እንደ ጠባብ ጫማ ሲያሰቃየው ያየች፣ ኮምፒውተር ቤት የምትሠራ የእህቱ ልጅ አንድ ዘዴ ፈጠረች። ተገጣጥሞ የሚሸጥ የጌም ኮምፒውተር ከነመሪውና ከነፔዳሉ ይዛለት መጣች። ስክሪኑ ላይ አውቶቡስ አለ፣ ጠመዝማዛ መንገድ አለ፣ ሲያሻው ዝናብም አለ። ነዳጁንም ፍሬኑንም በደህናው እግሩ ይረግጣል።

"ይሄ ሥራ ደመወዝ አለው?" አለች ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ።

"የለውም።"

"ተሳፋሪስ?"

"ሞልቷል። አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው።"

ልብስ ሰፊ ናት። በአንድ ክፍል፣ በአንድ መስኮት ሥር፣ የእሷ መኪና እየተንጣጣ የእሱ ሞተር እያጓራ ከሰዓቱ ያልፍላቸው ጀመር።

ከዚያ መሪው ዘገየ። ወደ ቀኝ ሲጠመዝዝ ስክሪኑ ላይ ያለው አውቶቡስ ለቅጽበት ድርቅ ይልና ዘሎ ገደል ይገባል። ሰውየው ኮምፒውተሩን አልጠረጠረም፤ የጠረጠረው እጁን ነው። እግሩም የጀመረው እንዲህ ነበር፣ በመዘግየት። ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ይፈትናቸዋል። የሸሚዙን ቁልፍ ሲቆልፍ፣ ማንኪያ ሲያነሳ፣ እጁን እንደ ባዕድ ሰው እጅ ያየዋል።

በመጨረሻ መሪውን ነቅሎ ካርቶኑ ውስጥ ከተተ።

"ለልጅቷ መልሺላት። ለሚችል ሰው ትስጠው።"

"ምን ሆነህ ነው?"

"እጄ ነው። እግሬን የወሰደው ነገር ወደ እጄ መጥቷል።"

ሚስቱ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ ተነሳች። ፊቷ አመድ መስሏል። መዳፏን ዘርግታ "ጨብጠኝ" አለችው። ጨበጣት። "እስቲ ጠበቅ አድርገው።" ጠበቅ አደረገው።

"ኧረ ጣቴን! ቀለበቴ ተጣመመ! ይሄ ነው የደከመ እጅ?" ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ወዲያው ለእህቱ ልጅ ደወለች።

ልጅቷ ቦርሳዋን አንግታ ስትመጣ የካርቶኑን ወሬ ሰምታለች።

"ጋሼ፣ ከእጅዎ በፊት ዕቃውን እንመርምረው" አለችና መሪውን መልሳ ሰካች፤ ኮምፒውተሩን አስነስታም ማዘርቦርዱ የሚባለው ዋናው ሰሌዳ ውስጥ ያለውን ሴቲንግ ከፈተች። ሰዓቱና ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ራም የሚባለው ማስታወሻው ፍጥነቱ 3200 መሆን ሲገባው 2133 ይላል።

"ይኸው! ራሙ እያነከሰ ነው።"

"እንደኔ በለኛ" አለ አጎቷ።

የማዘርቦርዱ ሶፍትዌር አርጅቶ ይሆናል ብላ በፍላሽ ያመጣችውን አዲሱን ጫነችበት። "አሁን መብራት ከሄደ ግን ዕቃው ባዶ ሣጥን ነው" ስትል ሦስቱም አምፖሉን አንጋጠው ያዩ ጀመር። መብራቱ አላሳፈራቸውም። ቀኑን አስተካከለች፣ ፍጥነቱን 3200 ላይ አደረገች፣ "ይሞክሩት" አለች። ሞከረ። ተሻለው፤ ግን ኩርባው ላይ ያው መድረቅ አልቀረም። ሰውየው እጁን ከመሪው አንስቶ ጭኑ ላይ አኖረው።

"አየሽ? እኔው ነኝ።"

"ቆይ እንጂ ጋሼ!" ልጅቷ ኮምፒውተሩን አጥፍታ ገመዱን ነቀለችና የጎኑን ክዳን ፈታች። አጎነበሰች። "ማነው ይሄን የከፈተው?"

ሁለቱ ራሞች ተጠጋግተው ተሰክተዋል። በመሃላቸው አንድ ባዶ ቦታ ካልተተወ አብረው አይሠሩም፣ ተራ እየተጠባበቁ ነው የሚሠሩት አለች። ሳንቲም የምታህለው ባትሪም ወጥታ የገባች ትመስላለች፤ ኮምፒውተሩ ቀኑንም ፍጥነቱንም የረሳው ለዚህ ነው። ውስጡ አቧራ የሚባል የለም። የተዝረከረኩት ገመዶች ደግሞ በሰማያዊ የስፌት ክር ተሰብስበው፣ ጫፋቸው እንደ ቢራቢሮ ተቋጥሯል።

የስፌት መኪናው መንጣጣት ድንገት ቆመ።

ሰውየው ያንን ቋጠሮ ያውቀዋል። በሸሚዞቹ ሁሉ ላይ አለ። ሚስቱ በየወሩ የስፌት መኪናዋን ትፈታለች፣ እያንዳንዷን ብረት ትወለውላለች፣ መልሳ ትገጥማለች፤ የምትወደውን ዕቃ ካላጸዳች እንቅልፍ አይወስዳትም። እሱ ለእግሩ ሕክምና በሄደበት ቀን ተራው የኮምፒውተሩ ነበር ማለት ነው።

"እኔ ነኝ" አለ።

"እርስዎ? ምን አግብቶዎት ጋሼ? ዘይት ቢጤ ጠብ አላደረጉበትም?"

"ረስቼው ነው።"

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። አንዱን ራም ነቅላ ባዶ ቦታ ዘልላ ሰካችው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሰውየው ለመንካት ፈራ። ከዚያ መሪውን ያዘ። ወደ ቀኝ ዞረ፣ መንገዱም አብሮት ዞረ። ወደ ግራ፣ አብሮት። ኩርባውን እንደ ድሮው እየተንሸራተተ አለፈው። እጁ የራሱ እጅ ነበር።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ሚስቱ ወንበሯን ይዛ መጣች።

"ለምን እኔ ነኝ አልክ?"

"ረዳት ሲያጠፋ ይቅርታ የሚጠይቀው ሹፌሩ ነው።"

"እኔ ረዳት ነኝ?"

"ዋና ረዳት።"

"እነዚያን ሁለቱን አራርቀው የሰኳቸው በስንፍና መስሎኝ ነው" አለች በቀስታ። "ጎን ለጎን ይሁኑ ብዬ። እንደኛ።" እንባዋን በክንዷ ጠረገች። "ይኼን ሁሉ ቀን በእጅህ ስትጨነቅ..."

"በቃ፣ ተሳፋሪ እያለቀሰ አልነዳም" አላት። "ግቢና ተቀመጪ።"

አጠገቡ ተቀመጠች፣ ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ስክሪኑ ላይ ዝናብ ይዘንባል። ሽቅብ ወጡ፣ ቁልቁል ወረዱ።

"ወራጅ አለ" አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

እግሩን ፍሬኑ ላይ አሳረፈ። ጥቂት ጠበቀች።

"አትቆምም እንዴ?"

"ከቆምን ቆየን እኮ" አላት።