የምክር ቤቱን ሰው ታሪክ ሳነብላቸው

አሜሪካ፣ ሮውሌት በምትባል ከተማ፣ ሐይቅ አጠገብ፣ ዓይናቸው የደከመ አንዲት አሮጊት ቤት ኬርጊቨር፣ ማለትም ተንከባካቢ፣ ሆኜ ስሠራ፣ ምግብና መድኃኒታቸውን ከሰጠኋቸው በኋላ ማንበብ የኔ ሥራ ነበር። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ እኔ በልቤ እማማ እላቸዋለሁ። የሚያስነብቡኝ አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ የቅድመ አያታቸውን አያት ታሪክ። ሰውየው አሜሪካ ገና አዲስ አገር ሳለች የምክር ቤት አባል ነበር።

እኔ እየተደናቀፍኩ፣ እሳቸው እያረሙኝ ሕይወቱን ተከተልነው። የገበሬ ልጅ ነው። ሕግ የተማረው አንድ ጠበቃ ዘንድ ጸሐፊ ሆኖ ነው። ሲመረጥ በጭቃ መንገድ በፈረስ ተጉዞ ምክር ቤት ገባ። መጀመሪያ ሰው ፊት መናገር ይፈራ ነበር፤ ኋላ ግን ስለ ነጻነት ሲናገር አዳራሹ ጸጥ ይል ነበር። ወደድኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገጹን ስገልጥ፣ እርሻውን የሚያርሱለት ባሮች እንደነበሩት፣ ሲሞትም ልጆቹ እንደተከፋፈሏቸው ይላል። እሳቸው እንዳያፍሩ ይሁን እኔ እንዳልከፋ አላውቅም፣ ዘልዬው ቀጠልኩ።

«ዘለልሽ» አሉኝ።

«ይቅርታ፣ ማለቴ...»

«እናቴም እዚያ ላይ ስትደርስ ትዘል ነበር። ዓይን ሳለኝ እኔም ዘልያለሁ። አንቺ አንብቢው።»

ተመልሼ ቃል በቃል አነበብኩት። ስጨርስ «ምን ታስቢያለሽ?» አሉኝ።

«ንግግሩን ወድጄለት ነበር። አሁን ግን እርሻው ላይ ያሉት ሰዎች ንግግሩን ቢሰሙት ምን ይሉ ነበር እያልኩ ነው።»

እማማ ያንን ገጽ ደግሜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ።

ለታንክስጊቪንግ፣ ለምስጋና በዓል፣ ዘመዶቻቸው ተሰበሰቡ። እንደ ልማዳቸው የሰውየውን ዝና ሲያነሱ፣ እማማ ያንን ገጽ በቃላቸው ተናገሩት። የወንድማቸው ልጅ ሹካውን አስቀመጠ።

«ዛሬ ይሄን ማንሳት ለምን አስፈለገ? ደግ ሰው ነበር እኮ!»

«ደግነቱን አልካድኩም። ግማሹን ደብቄባችሁ መሞት ግን አልፈልግም» አሉት።

ጨዋታው ቀዘቀዘ፤ አንዳንዶቹ በጊዜ ወጡ። ዴንተን ከተማ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጃቸው ግን ቀርታ ሳህን ስታጥብልኝ፣ «እርሻው ላይ የነበሩት ሰዎች ስም መጽሐፉ ላይ ተጽፏል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አልተጻፈም» አልኳት።

እጇን አደራርቃ አያቷ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠችና የሰውየው እርሻ የት እንደነበር ትጠይቃቸው ጀመር። ከዚያ ወዲህ ስሞቹን በአሮጌ መዝገቦች ውስጥ እየፈለገች ነው። እስካሁን የአንዲት ሴት ስም አግኝታለች።