ሰኞ የሚብሰው ዓይን

አሰላ ተመድቤ የሄድኩት ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ነው። ዕድሜዬ ሃያ አንድ፤ ሁሉን የማውቅበት ጊዜ ነበር። መምህራን ማሠልጠኛ ስለ ዝንብ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ተምሬያለሁ። ሁለተኛ ክፍልን ሲሰጡኝ የተማሪዎቹን ንጽሕና ደርበው አሸከሙኝ፤ እኔ ግን አውራጃ ገዥ ሆኖ እንደተሾመ ሰው ተቀበልኩት።

በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ ጥፍር አያለሁ፣ ጆሮ አያለሁ፣ ከዚያ ፊት አስታጥባለሁ። ውሃው ከጭላሎ ተራራ የወረደ ነው፤ ልጆቹ ጆጉን ገና ሲያዩት ይንቀጠቀጣሉ። የታጠበውን ሁሉ ከራሴ ሻንጣ ባወጣሁት ነጭ ፎጣ በእጄ አደርቃለሁ። አርባ ሁለት ፊት፣ አንድ ፎጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሳሙና አጥቤ አሰጣዋለሁ። ዳይሬክተሩ በተማሪው ፊት ሲያመሰግኑኝ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ነበር። ቤቴ የምጠቀምበት ግን ሌላ ፎጣ ነው። ለምን እንደሆነ ያኔ ራሴን አልጠየቅሁም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የልጆቹ ዓይን ይቀላ፣ ያዥም ጀመር። ጥፋተኛውን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። ዝንቡን፣ ጭሱን፣ ከብቱን፣ በመጨረሻም ወላጆቹን ከሰስኩ። በጠዋት ብቻ የነበረውን እጥበትም ከእረፍት በኋላ ደገምኩት።

ከሁሉ የባሰባት ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ሳቂታ ልጅ ነበረች። የግራ ዓይኗ ቆብ አብጦ ቀላ። እናቷ ገበያ ውስጥ አቡጀዲና ክር ይሸጣሉ። አንድ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሄጄ ፊታቸው ተገተርኩ።

«ምን ቀባሽባት? ቅቤ ነው? ወይስ በምላጭ አስበጣሻት?» አልኳቸው። እናቴን የሚያክሉ ሴት ናቸው፤ አንቺ ነበር ያልኳቸው።

«ወላሂ ምንም አልቀባሁ፣ መምህር። ውሃ አፈላለሁ፣ አቀዘቅዛለሁ፣ ጨው ጨምሬ አጥባታለሁ፤ በቃ» አሉ። ትንሽ አሰቡና ቀጠሉ። «አንድ ነገር ግን አለ። ቅዳሜና እሁድ ቤት ትውላለች፣ ይሻላታል። ሰኞ ትምህርት ቤት ትመጣለች፣ ይብሳል። ይሄ ምንድነው?»

ሳቅሁ። ያ ሳቅ ዛሬም ያሳፍረኛል። በሽታ የሳምንቱን ቀን እንደማያውቅ አስረዳኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ፤ እኔም ሕዝብ አንቅቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ የልጅቷን ፊት በተለይ ጠበቅ አድርጌ ጠረግሁላት። ማክሰኞ ዓይኗ ጨርሶ ተዘግቶ መጣች። እብጠቱ ከቅንድቧ እስከ ጉንጯ ወርዷል፤ ሲነኩት ያቃጥላል፣ ገላዋም እሳት ሆኗል። ያን ቀን አልሳቀችም። ተሸክሜ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ እናቷም ሸቀጣቸውን ጥለው ሮጠው ደረሱ። በሽተኛ የሚያክመው ድሬሰር ቆቡን ሊገልጥ ቢሞክር እምቢ አለው።

«ወደ ኋላ ከዘለቀ ዓይኗን ልታጣ ትችላለች» አለና ፔኒሲሊን ወጋት። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያ ልጅቷን «ፊትሽን በምንድነው የምትጠርጊው?» ብሎ ጠየቃት።

«በመምህር ፎጣ» አለች፤ በዚያ ሕመሟ ውስጥ እንኳ በኩራት። «ሁላችንም በሱ ነው።»

ድሬሰሩ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዝንብ ሥዕል ማጥናት ጀመርኩ። እናትየዋ ዓይናቸውን ከልጃቸው ወደ እኔ መለሱ።

በየቀኑ መርፌ ተወጋች፤ በየቀኑም እየሄድኩ አየኋት። በአራተኛው ቀን ቆቡ በመጠኑ ተከፈተና ዓይኗ ከውስጥ ደህና ሆኖ አየኝ። ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ። ፎጣውንም በዚያው ዕለት አቃጠልኩት። ዳይሬክተሩ የት ገባ ሲሉኝ ግን ተሰረቀ አልኩ። ስለ ንጽሕና ብዙ ተምሬ ነበር፤ እውነት ለመናገር ገና ነበርኩ።

በሚቀጥለው ሰኞ እናትየዋ ልጃቸውን ይዘው ሰልፉ ድረስ መጡ። በተማሪው ሁሉ ፊት እንዳያዋርዱኝ በልቤ ለመንኩ። እሳቸው ከዘንቢላቸው አንድ ጥቅል አውጥተው አስታቀፉኝ። በመሐረብ ልክ የተቆረጠ አቡጀዲ ነው፤ የእያንዳንዱ ጠርዝ በእጅ ተሰፍቷል፣ ጥጉም ላይ በባለቀለም ክር የየራሱ ምልክት አለው።

«ለእያንዳንዱ የራሱ ይሁን» አሉ። «አርባ ሦስት ነው።»

ያን ጊዜም ቢሆን ማረም አልተውኩም። «እርስዎ ተሳስተዋል፣ እናቴ። ልጆቹ አርባ ሁለት ናቸው።»

ከጥቅሉ የላይኛውን አንስተው እጄ ላይ አደረጉት።

«አንዱ ያንተ ነው» አሉ። «ላብህን ጥረግ።»

በዚያ የአሰላ ብርድ ፊቴ በላብ መጠመቁን ያኔ ነው ያወቅሁት።