አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ማኅተም

አሰላ ውስጥ በአንድ የግል ላቦራቶሪ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። የምርመራ ውጤት ለገጠር ክሊኒኮች የምናደርሰው በኢንተርኔት ገጻችን ነው። ገጹ የእኛ መሆኑን የሚመሰክር፣ የበሽተኛውን ምስጢር መንገድ ላይ ማንም እንዳያነበው የሚጠብቅ ሰርተፍኬት የሚባል ነገር አለ፤ ጊዜው ሲያልቅ ይታደሳል።

ባለፈው ክረምት ሊታደስ ሲል ሰርተፍኬቱ የሚሠራበት የምስጢር ቁልፍ ዓይነት ምርጫ መጣ። አርኤስኤ የሚባለው የድሮው ረጅምና ከባድ ነው፤ ግን የትኛውም አሮጌ ኮምፒውተር ያውቀዋል። አዲሱ፣ ኢሲዲኤስኤ የሚሉት፣ አጭርና ቀላል ነው፤ ለእኛ ሽባ ኔትወርክ ይስማማል። አሮጌ ኮምፒውተር ግን አያውቀውም። «ሁለቱንም እንያዝ፤ ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ይሰጣል» አልኩ።

ሥራ አስኪያጃችን ዕድሜያቸውን በመንግሥት ቢሮ የጨረሱ ሰው ናቸው። «አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ማኅተም ኖሮት ያውቃል? ይሄ ፎርጅድ ነው! አዲሱን አድርግ፣ አሮጌውን አጥፋ» አሉ። ኧረ በፈጠረዎት፣ ይሄ ማኅተም አይደለም ብል ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

«የዲክሲሱ የገጠር ክሊኒክ ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ ገጻችን አይከፈትለትም» አልኳቸው።

«እኔ ራሴ ደውዬ እነግራቸዋለሁ» አሉ። እንደታዘዝኩት አዲሱን ብቻ አስገባሁ፤ እሳቸው ግን አልደወሉም።

በዚያው ሰሞን የአከራዬ ልጅ ዲክሲስ ወልዳ፣ ትኩሳት ይዟት ክሊኒኩ ውስጥ ተኝታ ነበር። ደሟ ለምርመራ እኛ ጋ መጥቷል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚያድናት የሚታወቀው ከውጤቱ ነው። አከራዬ ጠዋት ጠዋት ደጄ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ውጤቷ ወጣ?» ይሉኛል። አንድ ቀን «ወጥቷል እማማ፣ ገጹ ላይ አለ፤ አይዞዎት» አልኳቸው። እጄን ሳሙኝ።

ልጅቷ ሞተች።

ዲክሲስ፣ ለቅሶው ላይ የክሊኒኩን ነርስ አገኘኋት። «ውጤቱ ዘግይቶባችሁ ነው እንዴ?» አልኳት።

«የምን ውጤት? ገጻችሁ እኮ ሰሞኑን አይከፈትም። ኔትወርክ የለም ብለን ስንጠብቅ ነበር።»

ማን ይፈርድባቸዋል? እኛ አገር ገጽ አልከፈት ሲል ማን ስልክ ያነሳል? ኔትወርክ ነው ይባላል፣ ይጠበቃል። ያን ሥራ አስኪያጅ ባገኘው አንቀው ነበር።

አሰላ እንደተመለስኩ ማንንም ሳልጠይቅ የድሮውንም ሰርተፍኬት ጨመርኩና ነርሷ ጋ ደወልኩ። «እስቲ አሁን ሞክሪው።»

«ውይ፣ ተከፈተ!» አለች። ከዚያ የልጅቷን ውጤት ፈልጋ ከፈተች። እያነበበች መሆኑ ገባኝ።

«ይሄ መድኃኒት እኮ» አለችኝ፣ «መደርደሪያችን ላይ አለ።»