ለቅሶ የተደረሰላት መርከብ

ንጋት ጋሻዬ መርከብ ከአለት ጋር ባላተመች ጊዜ ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ነበር፤ ባሕር ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም።

እንዴት ይሆናል? ይሆናል እንጂ! መርከቧ የነበረችው በመርከብ መኮንኖች ማሠልጠኛው ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳውን ዙሪያውን በሸፈነ ስክሪን ላይ ነው። መሪው ግን የእውነት መሪ ነው። ማዕበሉም የእውነቱን ያህል ወለሉን ያናውጣል። ከኋላዋ የቆሙት ካፒቴን አብዱልሀሚድም የባቲ ሰው፣ በጭነት መርከብ ሠላሳ አንድ ዓመት ዓለምን የዞሩ፣ ፂማቸው እንደ ጨው የነጣ የእውነት ካፒቴን ናቸው።

«ስታርቦርድ ቴን!» አሉ ካፒቴኑ። መሪውን ወደ ቀኝ፣ አሥር ዲግሪ ማለታቸው ነው።

ንጋትም እንደ ደንቡ፣ እንደ ላስታ ደንብ ማለቴ ነው፣ መለሰች። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። ያቺን እኛ አገር «አዎ፣ እሺ» የምንልባትን አጭር ትንፋሽ! አንገቷን ሰበር አድርጋ መሪውን አሥር ላይ አደረሰች።

ካፒቴኑ ምንም አልሰሙም። «ስታርቦርድ ቴን!» ብለው ደገሙ።

ንጋት ክው አለች። ታላቅ ሰው አንድ ነገር ሁለቴ ከተናገረ የመጀመሪያው አልበቃውም ማለት ነው፤ እሷ እንዲህ ተብላ ነው ያደገችው። አሥር ጨመረች። ሦስተኛው ጩኸት ሲመጣ መሪው ሠላሳ ላይ ነበር። ያቺ ስንዴ የጫነች ግዙፍ መርከብ እንደ ሰከረ በሬ ዞራ ዞራ አለቱ ላይ ግው! ስክሪኑ ቀላ።

ትእዛዝን ቃል በቃል መመለስ እንዳለባት ሳታውቅ ቀርታ ነው? ኧረ ታውቃለች! ደብተሯ ላይ በቀይ አስምራበታለች፦ መሪ የያዘ ሰው ትእዛዙን ደግሞ ይናገራል፣ ከፈጸመም በኋላ መፈጸሙን ይናገራል። የወረቀቱን የባሕር እንግሊዝኛ ፈተና ከክፍሉ አንደኛ ሆና ነው ያለፈችው። አፏ ግን ሌላ ትምህርት ነበረው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች አጎቷ «ውኃ አቀብይኝ» ሲሏት «ውኃ አቀብይኝ» ብላ በመመለሷ የተቆነጠጠው ጭኗ እስከ ዛሬ ያስታውሳል። የታላቅን ቃል መድገም ማላገጥ ነው። በቃ።

«ልጄ» አሉ ካፒቴኑ፣ «ሃያ ሁለት ሰው ይዘሽ አለት ላይ ወጣሽ። ያውም አንዲት ቃል ሳትተነፍሺ! ሁለት ሳምንት ሰጥቼሻለሁ። ያኔም እንዲህ ከሆንሽ በጭነት መርከብ ላይ የተያዘልሽ ቦታ ለተከታዩ ሰልጣኝ ነው።»

ያቺ ቦታ! ፊዚክስ ተመርቃ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እንግዳ በጠፋበት ላሊበላ፣ የአክስቷን ባዶ ሆቴል ቁልፎች እየወለወለች የተቀመጠች ልጅ ያገኘቻት ብቸኛዋ ቦታ ናት። ንጋት እንባዋን እያበሰች አባቷ ዘንድ ደወለች።

«አባዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ። መርከቧን አለት ላይ አወጣኋት፤ ሃያ ሁለት ሰው...»

ኔትወርኩ ተቆረጠ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን አልመጣም።

ተዘግቶ የከረመው መንገድ ተከፍቶ ነበርና በጋሸና በኩል ዞራ፣ አቧራ ለብሳ፣ የተወለደችበት ገነተ ማርያም ደረሰች። ከመኪና ወርዳ ወደ ቤቷ ስትቃረብ ቆመች። ግቢው ሙሉ ሰው ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ አግዳሚ ላይ አቀርቅረዋል።

«አባዬን!» ብላ ጮኸች። «አባቴ ሞተ!»

ሕዝቡ ብድግ አለ። ከጓዳ በር የወጡት ግን መሪጌታ ጋሻዬ ራሳቸው ናቸው! መቋሚያቸውን ይዘው፣ ዓይናቸው በልቅሶ አብጦ። አባትና ልጅ ተያይተው ደርቀው ቀሩ።

«ማን ሞቶ ነው አባዬ?»

«አንቺ የገደልሻቸው ናቸዋ! ሃያ ሁለቱ!»

ጎረቤቷ እትዬ ጥሩነሽ ደረታቸውን እየደቁ መጡ። «እግዚኦ! የነዚያ እናቶች እንዴት ይሆኑ ይሆን ልጄ? አንቺንስ እንዴት ለቀቁሽ?»

«እትዬ ጥሩነሽ፣ ማንም አልሞተም። መርከቧ እኮ የስክሪን ናት። እንደ ቴሌቪዥን ያለች! የመለማመጃ!»

እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ቀስ ብለው አስተካከሉ። «የቴሌቪዥን?» አሉ። «ንፍሮው ተቀቅሏል እኮ!»

ከአግዳሚው ጫፍ ከሠርግም ከለቅሶም የማይቀረው ደሳለ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲያማ ስለ ቴሌቪዥኗ እንብላላት።»

ሳቁን ተራራው አስተጋባው። መሪጌታ ግን አልሳቁም። ሰው ሲበተን ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ለመሆኑ ምን አጥፍተሽ ነው?»

«ካፒቴኑ ሲያዙኝ ቃላቸውን መመለስ ነበረብኝ። እንዳሉት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።»

መሪጌታ ደነገጡ። «የታላቅን ቃል? ፊት ለፊት?»

«ፊት ለፊት።»

«ወይ ነአኩቶ ለአብ!» አሉ። ከዚያ በመቋሚያቸው መሬቱን አንዴ መቱ። «ቆይ እስቲ። እኔስ ተማሪ ሳለሁ ምን ሳደርግ ኖርኩ? የኔታ ቃል ሲሰጡኝ መልሼ ካልሰጠኋቸው አለንጋ ነበር። አንዲት ፊደል ብትጎድል አለንጋ!»

«እሱ የእግዜር ቃል ነው አባዬ።»

«የሃያ ሁለት ሰው ነፍስስ የማን ነው?»

በማግስቱ ጠዋት ንጋት ትእዛዞቹን በአማርኛ ፊደል ጽፋ ሰጠቻቸው፤ ስታርቦርድ ቀኝ፣ ፖርት ግራ፣ ሚድሺፕስ መሪውን መሐል። መሪጌታ በቤተ ክርስቲያን በሚያዜሙበት በዚያ በተገራ ድምፅ «ስታርቦርድ ቴ...ን!» ሲሉ ቆቅ ከቁጥቋጦ ተነሣች። ንጋት ግን እንደ ለመደችው መለሰች። ትንፋሿ ብቻ ወደ ውስጥ።

«አይሰማም!» አሉ መሪጌታ። «ድገሚ!»

በሦስተኛው ቀን ድምፅ ወጣ። በአራተኛው ቀን ጮኸች። እትዬ ጥሩነሽ ጀሪካናቸውን አዝለው ሲያልፉ ሰምተው ክው ብለው ቆሙ።

«የኔታ! ይቺ ልጅ አፍ አወጣችብዎ እንዴ? መርከብ የበላች አባቷን መች ትምር!»

«ይለፉ እትዬ፣ ትምህርት ላይ ነን» አሉ መሪጌታ።

በስምንተኛው ቀን ንጋት አንድ ነገር አሰበች። ዓይኗን በነጠላ አስራ ከቤታቸው ጀርባ ባለው የእርሻ እርከን ላይ ትሄዳለች፤ እሷ መርከብ፣ አባቷ ካፒቴን። ስታርቦርድ ሲሉ ወደ ቀኝ፣ ፖርት ሲሉ ወደ ግራ። እየመለሰች ሄደች፣ ሄደች። መሪጌታም ጣማቸው፣ ዜማ ጨመሩበት።

«ፖርት ትዌንቲ!»

«ፖርት ትዌንቲ፣ ካፒቴን!» ብላ እግሯን ልታነሣ...

«ቁሚ!» የሚል ጩኸት ጆሮዋን በጠሰው። «ልጄ ቁሚ! አትንቀሳቀሺ!»

ነጠላውን ገለጠች። በግራዋ በኩል እርከኑ አልቋል። ከጫማዋ አንድ ስንዝር እልፍ ብሎ ገደሉ ቁልቁል ይታያል፤ ከታች አንድ ንሥር ጀርባውን ሰጥቷት ይንሳፈፋል። መሪጌታ ቁጭ ብለዋል።

«ቀኝ ልል ነበር» አሉ በደከመ ድምፅ። «ቀኝ ያልኩ ነበር የመሰለኝ። ካንቺ አፍ ስሰማው ነው ያወቅኩት። ባትመልሺልኝ ኖሮ...»

ያን ቀን ልምምድ አልተደገመም፤ ሁለቱም ምሳ አልበሉም።

የፈተናው ዕለት ያ ጨለማ ክፍል ያው ነበር። አለቱም ያው። ካፒቴን አብዱልሀሚድ የነጥብ ወረቀታቸውን ይዘው ከኋላዋ ቆሙ።

«ስታርቦርድ ቴን!»

«ስታርቦርድ ቴን፣ ካፒቴን!» ብላ ስትጮህ ሽማግሌው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተራመዱ። ድምፁ የገደል ማዶ ድምፅ ነበራ! ፈጸመች። ፈጽሜያለሁ አለች። «ሚድሺፕስ!» መለሰች። እንዲህ እንዲህ እያለች ወደቡ አፍ ላይ ደረሰች።

«ፖርት ትዌንቲ!»

«ፖርት ትዌንቲ፣ ካፒቴን!»

እጇ መሪው ላይ ቀዘቀዘ። በግራ በኩል፣ ነጭ አረፋ የለበሰው ያ አለት! ቃሉን መልሳለች፤ ካፒቴኑ ግን ዝም። ወረቀታቸው ላይ አቀርቅረው ይጽፋሉ። ቃሉን ሰጥታቸው አልሰሙትም! መመለስ አንድ ነገር ነው። የካፒቴንን ትእዛዝ መጠየቅ ግን... ጭኗ ላይ ያ የድሮ ቁንጥጫ ነደደ። እግሯ ሥር ደግሞ ያ ገደል።

«ካፒቴን! አለት በግራ! ፖርት ትዌንቲ ነው ያሉኝ?»

እስክሪብቶው ወለሉ ላይ ወደቀ። ካፒቴን አብዱልሀሚድ ቀና አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ያ ረቢ! ሚድሺፕስ! ስታርቦርድ ትዌንቲ!»

«ስታርቦርድ ትዌንቲ፣ ካፒቴን!»

አለቱ በጎን አለፈ። ከኋላ የተቀመጡት ሰልጣኞች «ወጥመድ ነበር፣ አለፈችው» ብለው ሲንሾካሾኩ ካፒቴኑ ዞር አሉ።

«ወጥመድ አይደለም» አሉ። «ወላሂ ተሳስቼ ነው። ነጥቧን ስጽፍ አቀርቅሬ ነበር፤ ግራና ቀኜ ጠፋኝ።» ከዚያ ለንጋት፣ በወሎኛ ለስለስ ብለው፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አለት ነክቼ አላውቅም ነበር እኮ ልጄ። ዛሬ አንቺ አተረፍሽኝ» አሏት። ወረቀቱን እንደ ቆሙ ፈረሙት።

ንጋት ወደ ግቢው ሮጣ ወጥታ ደወለች። ዕድል ሆኖ ገባላት።

«አባዬ፣ አለፍኩ! በሚቀጥለው ወር መርከብ ላይ እወጣለሁ!»

ከወዲያ ጫፍ ምንም የለም። መሪጌታ በደስታ ደንዝዘው ያችን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበው ነበር፤ ስልክ ደግሞ ትንፋሽ አያደርስም።

«አባዬ? አልሰማሁም! ይድገሙልኝ!»

ከዚያ በዕድሜያቸው ሙሉ የልጅ ቃል ደግመው የማያውቁት ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንዲህ አሉ፦

«አለፍኩ ብለሻል። በሚቀጥለው ወር መርከብ ላይ እወጣለሁ ብለሻል። ሰምቻለሁ፣ ካፒቴን።»