በስልክ ያልተነገረ መርዶ

በሸዋሮቢት ከእኔ የበለጠ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ትምህርቴን ሳልጨርስ ወጥቼ እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት፣ ሕግን ደግሞ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እየጻፍኩ ተምሬያለሁ። ዳኞች ፊርማ ሳያዩ የእኔን ጽሑፍ ይለያሉ። ሰባን አልፌም መነጽር አላደርግም። ይህን የምለው እውነት ስለሆነ ነው።

ባለፈው እሑድ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጄ ልጅ ሕሊና ለእረፍት መጥታ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጣ ለዩኒቨርሲቲዋ የቀድሞ ተማሪዎች ስትደውል ዋለች። ለቤተ መጻሕፍት ማስፋፊያ እርዳታ ትጠይቃለች። ሙቀቱ እንኳን ለመናገር ለመተንፈስም አይመችም። እኔ ፓፓያዬን እበላለሁ።

«አባባ፣» አለችኝ ስልኩን ዘግታ፣ «ቀጥሎ የምደውልለት ሰውዬ ሚስቱ በቅርቡ ሞታበታለች አሉ። በስሟ ስጥ ብዬ ብለምነው እንቢ አይለኝም አይደል?»

ማንኪያውን ወረወርኩት። ልጅቷ ደነገጠች። በእሷ አልነበረም የተናደድኩት፤ አስራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የነበረው ዳይሬክተር ፊቴ ላይ መጥቶ ተደቀነ። ሰውዬው ከሞተ ቆይቷል። ንዴቴ ግን አልሞተም።

በዚያ ዓመት ክፍል ጠቦን ግማሻችን ዛፍ ሥር እንማር ነበር። ዳይሬክተሩ፣ ከእኛ ትምህርት ቤት ወጥተው ዩኒቨርሲቲ የጨረሱትን፣ አዲስ አበባ ትልቅ ቦታ የደረሱትን፣ በስልክ እርዳታ እንጠይቅ አለ። የሚደውለውም ተማሪ ይሁን፣ የተማሪ ድምፅ አንጀት ይበላል አለ። ማን ተመረጠ? እኔ ነኛ! እንደ እኔ የሚናገር ከየት ይገኛል?

ስልክ ያለው ቴሌ ብቻ ነው። ማሽላው ያሸተበት ወቅት ነበር፤ ወደ ደሴ የሚያልፉት የጭነት መኪኖች አቧራ በበሩ እየገባ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጥነውን ያለብሰናል። ኦፕሬተሯ «አዲስ አበባ! ግባ!» ስትል የስልኩ ሳጥን ውስጥ ገብቶ መጮኽ ነው። የአንዱን ጉዳይ ሁሉም ይሰማል።

ብዙዎቹን አሳመንኩ። ከዚያ የጋሼ ታደለ ተራ ደረሰ። ቀወት ገጠር ተወልዶ አዲስ አበባ ኃላፊ የሆነ ሰው ነው። እናቱ በዚያው ሳምንት ተቀብረዋል፤ እሱ ግን አልሰማም። ዘመዶቹ ሽማግሌ ይዘው ሄደው፣ ማለዳ፣ ሰው ከቦት እንዲነገረው እየተሰናዱ ነበር። ይህን ዳይሬክተሩም ያውቃል።

«አንተ፣» አለኝ ሳጥኑ በር ላይ ቆሞ፣ «በእናትህ ስም አንድ ክፍል አሠራ በለው። ሐዘን ትኩስ እያለ እጅ ይፈታል።»

«መርዶው አልደረሰውም እኮ!»

«እንግዲያው አንተ ንገረዋ!»

መስመሩ ገባ። ከሸዋሮቢት ነው ስል ሰውዬው በደስታ ጮኸ።

«የአገሬ ልጅ! ዝናቡ እንዴት ነው? እናቴንስ አይተሃታል? ለገና እመጣለሁ በልልኝ። የዘንድሮውን የማሾ ምርት እንዳትሸጠው፣ ለእኔ ታስቀምጥልኝ!»

ዳይሬክተሩ በክርኑ ጎሸመኝ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። «አገሩ ሰላም ነው።»

«ደደብ! አምጣው እኔ እነግረዋለሁ!» ብሎ መነጋገሪያውን ሊነጥቀኝ ሲል፣ እጄን ሰድጄ ማቋረጫውን ተጫንኩት። በጥፊ አጮለኝ።

አግዳሚው ላይ ከነበሩት አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ብድግ አሉ። «ኧረ አንቱ ሰውዬ! መርዶ እንዴት በስልክ ይነገራል? እናት የለዎትም?»

ዳይሬክተሩ ጥሎን ወጣ። በማግስቱ ግን ሰልፍ ላይ ስሜን ጠርቶ፣ የልማት እንቅፋት ብሎ አባረረኝ። በዚያው ቀረሁ።

ጋሼ ታደለ መርዶውን በወጉ ሰማ። ኋላም በራሱ ፈቃድ በእናቱ ስም ክፍል አሠራ። በምርቃቱ ቀን ጭብጨባውን የተቀበለው ያው ዳይሬክተር ነው። እኔ ከአጥር ውጭ ቆሜ አየሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ያንገበግበኛል።

ሕሊናን «ደውዪለት፤ እግዜር ያጽናህ በዪው፣ ስለ ገንዘብ ሳታነሺ ዝጊ» አልኳት። አኮረፈች፤ ደወለች ግን።

እኔ ያለ ሰርተፍኬት ምን ሠራሁ? የስንቱን ባልቴት መሬት በብዕሬ አስመለስኩ። አራት ልጆች ዩኒቨርሲቲ አስገባሁ። ድንጋይ የነበረውን ግቢ ማንጎ አለበስኩ። አንድ ሰው ደግሞ የእናቱን ሞት በዘመዶቹ መሀል ሆኖ እንዲሰማ አደረግሁ። እሱ ግን እስከ ዛሬ መስመሩ በራሱ የተቋረጠ ይመስለዋል።